ዳማ ብላችሁ የገዛችሁት ፈረስ ነጭ ሲሆንባችሁ፦ የፈረስን ቀለም ከዕድሜው ጋር የማንበብ መመሪያ

አጎቴ ከሚስቱ ወንድም ጋር ግማሽ በግማሽ አዋጥተው አንድ የሁለት ዓመት ፈረስ ገዙ። ጠቆር ያለ ዳማ (ቀላ ያለ ቡናማ) ነበር፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ፣ ማለትም ነጭ ምልክት፣ ያለው። አማቹ ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ራቅ ወዳለ አገር ሄደ። ከሰባት ዓመት በኋላ ሲመለስ በረት ውስጥ ቆሞ ያገኘው ፈረስ ነጭ ነው። ቦቃውም የለም፤ ሁሉም ነጭ ሆኖ ቦቃ ከየት ይታይ! "የኛን ፈረስ ሸጠህ ይሄን ተክተህ ነው" አለ። አጎቴ ቢምል ቢገዘት እሱ ወይ ፍንክች። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። የተፈታው በአንድ ጣሳ ውሃ ነው፤ ወደ ውሃው ኋላ እንመለሳለን።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ስለ ፈረስ ቀለም ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ፈረስ ያለው ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስጨቀጭቅ ኖሬያለሁ። ፈረስ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ውርንጭላ ከተወለደላችሁ፣ ወይም "ይሄ ፈረስ አምና እንዲህ ነበር እንዴ?" ብላችሁ ራሳችሁን ከጠራጠራችሁ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. መጀመሪያ መነሻውን ቀለም ለዩ

በአማርኛ ለፈረስ ቀለም የሚሆን ቃል ሞልቶናል። ዳማ፣ ጉራቻ፣ ቡላ፣ ዳለቻ፣ አምባላይ። ችግሩ ቃሉ ከአገር አገር ትንሽ ይለያያል፤ አንዱ ዳማ የሚለውን ሌላው ሌላ ስም ይሰጠዋል። ስለዚህ ሻጩ በሚጠራው ስም ብቻ አትመኑ፣ በዓይናችሁ እዩ።

የፈረስ ጠጉር ቀለም የሚሠራው ከሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከጥቁር ሜላኒንና ከቀይ ሜላኒን። ሌላው ሁሉ የነዚህ ሁለቱ መብዛት፣ ማነስ፣ መሳሳት ወይም ጭራሽ አለመኖር ነው። ጥቁሩ መላ አካሉን ከሸፈነ ጉራቻ ሆነ። ጥቁር ቀለም የሚባል ጠጉሩ ላይ ከሌለ፣ ጋማውም ጭራውም ቀይ ወይም ከዚያ የፈዘዘ ነው። ሦስተኛው መሃል ላይ ያለው ነው፤ ገላው ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ጋማው፣ ጭራውና ከጉልበቱ በታች ያለው እግሩ ጥቁር የሆነ። እነዚህ ሦስቱ መነሻ ናቸው። ቀጥሎ የማወራው ለውጥ ሁሉ ከነዚህ በአንዱ ላይ የሚደርስ ነው።

አሁን ጋማውን፣ ጭራውንና እግሩን አይታችሁ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። ስልካችሁ ላይ ይሁን። እውነት ጻፉት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ትረሱታላችሁ፣ አጎቴና አማቹም የተጣሉት ማንም ስላልጻፈ ነው።

2. ዕድሜውን ከጥርሱ አረጋግጡ

ቀለም ያለ ዕድሜ ምንም አይነግራችሁም። ግማሽ ነጭ የሆነ የሦስት ዓመት ፈረስና ግማሽ ነጭ የሆነ የ20 ዓመት ፈረስ ፈጽሞ የተለያዩ ታሪኮች ናቸው።

የፊት ጥርሶቹን እዩ። የመሃለኞቹ ሁለት የወተት ጥርሶች በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይቀየራሉ። ከነሱ ጎን ያሉት በሦስት ተኩል፣ ዳርና ዳር ያሉት በአራት ተኩል። አምስት ዓመት ሲሞላው አፉ ሞልቷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ከጥርሱ መበላት መገመት ይቻላል፣ ግን ያ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምድ ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጥርሱን ሳታዩ በነጭነቱ ብቻ "ይሄማ ያረጀ ነው" የምትሉ ከሆነ የሰባት ዓመት ብርቱ ፈረስ ጥላችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ።

3. ውርንጭላ ከሆነ የላዩን ጠጉር አትመኑት

የውርንጭላ ጠጉር ጊዜያዊ ልብስ ነው። ከተወለደ ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ይረግፋል፣ ከስሩ የሚወጣው ሌላ መልክ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ለምሳሌ አድጎ ጉራቻ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሲወለድ ጥቁር አይደለም። የአይጥ መልክ ያለው፣ አመድማ ነገር ነው። ገላው ቡናማ እግሩ ጥቁር የሚሆነው ደግሞ ሲወለድ እግሩ ፈዛዛ፣ ነጭ ሊመስል የቀረበ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው የመጀመሪያው ጠጉር ሲረግፍ ነው። "እግሩ ነጭ ነው" ብሎ የመዘገበ ሰው በስድስት ወሩ ያፍራል።

እንዲህ አድርጉ። ጠጉሩ መርገፍ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዓይኑ ዙሪያና ከአፍንጫው ነው። በሁለት ወሩ አካባቢ ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ዓይኑ ዙሪያ ያለውን በጣታችሁ ገለጥ አድርጉ። እዚያ አዲስ የበቀለው ጠጉር የወደፊቱ መልክ ነው። መጠበቅ ያቃታቸው አርቢዎች ሽንጡ ላይ ትንሽ ቦታ ላጭተው ከስር የሚመጣውን ያያሉ። አይጎዳውም፣ መልሶ ያበቅላል።

ዓይኑንም እዩ። ሰማያዊ ዓይን ይዘው ተወልደው እያደር ወደ ቡናማ ወይም ወደ ማር መልክ የሚቀየሩ አሉ። ሮዝ ቆዳ ያለው፣ ጠጉሩ የክሬም መልክ ያለውና ዓይኑ ሰማያዊ ሆኖ የሚቀረው ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ቀለም የሚያሳሳውን ዘር ከአባትም ከእናትም የወረሰ ነው፤ እንደተወለደ ይኖራል።

4. መነጽሩን ፈልጉ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጨለም ብሎ ተወልዶ ነጭ የሚሆነው ፈረስ እንዴት ይታወቃል?

አንደኛው ምልክት ዓይኑ ዙሪያ ነው። ውርንጭላው የመጀመሪያ ጠጉሩን መጣል ሲጀምር ዓይኑን ከቦ ነጫጭ ጠጉር ብቅ ብቅ ይላል፣ ልክ መነጽር ያደረገ ይመስላል። አንዳንዱ ላይ በተወለደ በቀናት ውስጥ ይታያል፣ አንዳንዱ ላይ ወራት ይወስዳል። ቅንድቡ አካባቢና የዓይኑ ቆብ ላይ ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ ከሩቅ አይታይም።

ሁለተኛው ትንሽ ግራ ያጋባል። ነጭ የሚሆነው ውርንጭላ ብዙ ጊዜ ሲወለድ ከጓደኞቹ ይልቅ የደመቀ ነው። ልክ ያደገ ፈረስ የሚመስል ድምቅ ያለ ጥቁር ወይም ድምቅ ያለ ቡናማ ይዞ ይመጣል፣ እግሩም ገና ከጅምሩ ጥቁር ነው። እና "እንዴት ያለ ጉራቻ ወለደችልኝ!" ብላችሁ ስትደሰቱ፣ ያ ድምቀት ራሱ የስንብት ምልክት ሊሆን ይችላል። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፦ እውነተኛው ጉራቻ ሲወለድ አመድማ ነው።

ሦስተኛው ምልክት ሳይሆን ሕግ ነው። ነጭ የሚያደርገው ዘር ተደብቆ አያልፍም። ከአባትና ከእናት ቢያንስ አንዱ በዚህ መንገድ የነጣ ወይም እየነጣ ያለ መሆን አለበት። ድንጉላውም ባዝራይቱም በስተርጅና ጭምር ቀለማቸውን ይዘው የኖሩ ከሆነ ልጃቸው እንዲህ አይነጣም። አለቀ። አንዱ ወላጅ ዘሩን በአንድ ወገን ብቻ (ከእናቱ ወይም ከአባቱ ብቻ ወርሶ) ከያዘና ሌላው ከሌለው፣ ልጁ የመንጣት ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሁለቱም በአንድ ወገን ከያዙ 75 በመቶ። አንዱ ወላጅ በሁለቱም ወገን ከያዘው ልጆቹ በሙሉ ይነጣሉ።

ስለዚህ ገበያ ላይ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "እናቱ ምን መልክ ናት?" ይሁን። ቀጥሎ "አባቱስ?" ከዚያ ደግሞ "ዕድሜያቸው ስንት ነው?" እናቱ የሦስት ዓመት ልጅ ከሆነች የሷም መልክ ገና አላለቀም። ሻጩ ወላጆቹን ካላወቀ መነጽሩን ተማምናችሁ ወስኑ።

5. ለምን እንደሚነጣ

ይሄን ክፍል መዝለል ትችላላችሁ፣ ግን ባትዘሉት ይሻላል፤ በኋላ ስለ በሽታ የማወራው ያለዚህ አይገባም።

በ2008 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን የዚህን መንጣት ምክንያት አገኘው። ኤስ ቲ ኤክስ 17 የሚባል ዘረመል አለ። በሚነጡት ፈረሶች ላይ የዚህ ዘረመል አንድ ቁራጭ፣ 4,600 ያህል ፊደል ርዝመት ያለው፣ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ተጽፏል። ጸሐፊ አንድን አንቀጽ ሳያስበው ደግሞ እንደሚገለብጠው ማለት ነው። የሚገርመው ስህተቱ የደረሰው አንድ ጊዜ፣ ከሺህ ዓመታት በፊት ነው፤ ያጠኗቸው የሚነጡ ፈረሶች በሙሉ ያንኑ ከአንድ ጥንታዊ ፈረስ የመጣ ቁራጭ ይዘው ተገኙ። ሰው ነጭ ፈረስ ስለወደደ እየመረጠ አረባው፣ በዓለም ላይ ተሠራጨ። በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ ነገሩን አጠራው፦ ቁራጩ ሁለት ጊዜ የተጻፈበት ፈረስ ቀስ ብሎ ይነጣል፣ ሦስት ጊዜ የተጻፈበት ቶሎ።

ግን የተደገመ ጽሑፍ እንዴት ጠጉር ያነጣል? የጠጉሩ ሥር ላይ ቀለም የሚሠሩ ህዋሳት አሉ፣ እነሱን የሚተካ ደግሞ ትንሽ መጠባበቂያ አለ። ዘረመሉ እነዚህን ህዋሳት ከልክ በላይ ያነሳሳቸዋል። መጀመሪያ ላይ ትርፍ ይመስላል፣ ለዚህ ነው ውርንጭላው ደምቆ የሚወለደው። ግን መጠባበቂያው ያልቅበታል። ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን እህል በመስከረም እንደጨረሰ ጎተራ አስቡት። ካለቀ በኋላ የሚያበቅለው ጠጉር ሁሉ ባዶ፣ ነጭ ነው።

ቆዳው ላይ ያሉት ህዋሳት ግን አይጠፉም። ለዚህ ነው ነጭ የሆነው ፈረስ አፍንጫው፣ የዓይኑ ዙሪያና ጠጉሩ ስር ያለው ቆዳ ጥቁር ሆኖ የሚቀረው። ይህን ያዙልኝ።

6. የለውጡን ደረጃ ተከታተሉ

ከዓይን ዙሪያ ይጀምርና ፊቱ ላይ ይሰፋል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ገላው ላይ ነጭና ጥቁር ጠጉር ተቀላቅሎ ብረትማ ይሆናል። መነሻው ቀይ ከሆነ ደግሞ ሮዝማ ነገር ይወጣዋል። ከዚያ ብዙዎቹ ላይ ክብ ክብ ነጫጭ ምልክት በጠቆረ መደብ ላይ ይፈስሳል፤ ይሄ በጣም ያማረው ጊዜ ነው፣ የዋህ ገዢ ዋጋ ጨምሮ የሚገዛውም ያኔ ነው። አይቆይም፤ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ክቡ ነጭ ይሰፋና ይጋጠማል። እግር አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ይነጣል። ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ውስጥ ብዙዎቹ ሙሉ ነጭ ይሆናሉ።

ከነጡ በኋላ ደግሞ አንዳንዶቹ ላይ ጥቃቅን ቀይ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ይመጣል። ነጭ ሸማ ላይ ቀይ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። እያረጁ ሲሄዱ ሊበዛ ይችላል። ዘሩን በአንድ ወገን ብቻ የያዙት ላይ በብዛት ይታያል፣ በሁለት ወገን የያዙት ቶሎ ነጥተው ንጹሕ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። በሽታ አይደለም፣ ቅባት አትቀቡት።

ይሄን ሁሉ በአንድ ቦታ ማየት የፈለገ ሰው የሊፒዛን ፈረሶችን ያስብ። ዘሩ ስሙን ያገኘው ዛሬ ስሎቬንያ ውስጥ ካለችው ሊፒጻ ነው፣ በ1580 እ.ኤ.አ. የሃብስቡርግ መሳፍንት የፈረስ ማርቢያ ከከፈቱባት። ዛሬ የቪየናው የስፔን ግልቢያ ትምህርት ቤት ድንጉሎች የሚወለዱት ኦስትሪያ ውስጥ ፒበር በሚባል ቦታ ነው። ሲወለዱ ጥቁር ወይም ቡናማ ናቸው፤ መስኩ ላይ እናቶቹ ነጭ፣ ልጆቹ ጠቋራ። የማያውቅ ሰው የማን ልጅ እንደሆኑ ይጠይቃል። አልፎ አልፎ ሳይነጣ የሚቀር ቡናማ ይወለዳል፣ ቪየናዎቹም እንዲህ ያለውን አንድ ድንጉላ በግቢያቸው ማኖር ባህላቸው ነው፤ መልካም ዕድል ያመጣል ይላሉ። በደቡብ ፈረንሳይ ረግረግ የሚኖሩት የካማርግ ፈረሶችም እንዲሁ ጠቁረው ተወልደው ነጭ ይሆናሉ።

ወደኛው ስንመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ስታዩ አምባላዩን (ነጩን ፈረስ) አስተውሉት። ሠዓሊው አፍንጫውን ጠቆር ካደረገው ልክ እንደ ሊፒዛኖቹ ነው፣ ልጅ ሳለ ዳማ ወይም ጉራቻ ነበር ማለት ነው። (ሥዕል ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከአንድ ጊዜ በላይ በቅዳሴ መሃል ይህን ሳስብ ራሴን ይዣለሁ።)

ልምምድ ከፈለጋችሁ ጥር 23 እንጅባራ ሂዱ። የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ በጣም ብዙ ፈረስ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። አምስት የተለያዩ ግራጫዎችን መርጣችሁ ዕድሜያቸውን ገምቱ፣ ከዚያ ባለቤቱን ጠይቁ። እኔ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ስቻለሁ።

7. ከሚመስሉት ለዩት

ነጭ ጠጉር ያየ ሁሉ እየነጣ ነው ማለት አይደለም። መለያው ቀላል ነው፤ ቆዳውንና ጭንቅላቱን እዩ።

ነጭ ሆኖ የተወለደ ፈረስ አለ፣ እሱ ቆዳው ሮዝ ነው። ስሩ ሌላ ዘረመል ነው፣ ዕድሜም አይቀይረውም። ጭራውን ቀና አድርጋችሁ ስሩን ብታዩ ወዲያው ይታወቃል፦ ጥቁር ቆዳ ከሆነ የነጣ፣ ሮዝ ከሆነ ነጭ ሆኖ የተወለደ።

ገላው ላይ ነጭና ባለቀለም ጠጉር እኩል ተቀላቅሎ ጭንቅላቱና እግሩ ግን ጠቁሮ የሚቀር ዓይነትም አለ። ይሄ ከዓመት ዓመት አይነጣም፤ ከወቅት ወቅት ብቻ ይደምቃል ይፈዝዛል። የሚነጣው ፈረስ ፊቱን ያስቀድማል፣ ይሄኛው ፊቱን ጠቋራ አድርጎ ይኖራል። በዚህኛው ላይ ቁስል ሲድን ቦታው ላይ የሚበቅለው ጠጉር ጥቁር መሆኑም መለያ ነው።

ሦስተኛው የነብር መልክ ያላቸው፣ እንደ አሜሪካው አፓሉሳ ያሉት ናቸው። ከነሱ አንዳንዶቹ በዕድሜ ነጣ እያሉ ይሄዳሉ፣ ግን አጥንት የሚገፋበት ቦታ፣ ማለትም ጉንጩ፣ ዳሌውና ጉልበቱ ላይ ጥቁሩ ይቀራል። ሰኮናቸው ላይ ቁልቁል የወረደ ዥንጉርጉር መስመር አለ። ዘሩን በሁለት ወገን የያዙት በጨለማ አያዩም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፈረስ በምሽት ከመጋለባችሁ በፊት አስቡበት።

8. ፀሐይን፣ ላብንና ቀለቡን ከዕድሜ ለዩ

ጉራቻ ፈረስ ከበጋ በኋላ ጫፍ ጫፉ ዝገት መስሎ ከቀላ ያረጀ አይደለም። ፀሐይ ነው። ላቡ ሲደርቅበት ደግሞ ይብሳል፣ በተለይ ኮርቻና የጋሪ ማሰሪያ የሚያርፍበት ላይ። ጥላ ስጡት፣ ከሥራ በኋላ ላቡን በውሃ አጥቡለት። የረገፈው ተተክቶ አዲሱ ሲወጣ መልኩ ይመለሳል።

ጥላ እያለውም ከፈዘዘ፣ በተለይ ዓይኑ ዙሪያና ጋማው ጫፍ ላይ ከቀላ፣ ቀለቡ ውስጥ መዳብ ወይም ዚንክ አንሶ ይሆናል። መዳብ ሜላኒን ለመሥራት ያስፈልጋል። ግን ገበያ ወጥታችሁ ማዕድን ገዝታችሁ ዝም ብላችሁ አታብሉት፤ አንዱ ሲበዛ ሌላውን ያሳጣል። የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ትል ያለበትና የከሳ ፈረስም ጠጉሩ ይደበዝዛል፤ ከማዕድኑ በፊት የትሉን መድኃኒት ጠይቁ።

ስለ ወቅት አንድ ነገር። የፈረስ ጠጉር የሚቀያየረው በዋናነት በቀኑ ርዝመት እንጂ በብርዱ አይደለም። ቪየና ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ሰዓት ሊሆን ምንም አይቀረው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ በክረምት እንደ በግ ጠጉር አብቅሎ በበጋ ሌላ መልክ ይዞ የሚወጣ ፈረስ ቪዲዮ አይታችሁ የራሳችሁን ከሱ ጋር አታወዳድሩ። ጀርመን ወይም ስዊድን ሆናችሁ ፈረስ የምትጋልቡ ካላችሁ ደግሞ በተቃራኒው፦ ጥቅምትና ሚያዝያ ላይ ያነሳችሁት ፎቶ የሁለት ፈረስ ሊመስል ይችላል፣ አትደንግጡ።

9. የቁስል ታሪኩን አንብቡ

የትከሻው ጉብታና ጀርባው ላይ ነጭ ነጭ ጠጉር ካያችሁ ያ ዕድሜ አይደለም፣ ኮርቻ ነው። ጫናው ቆዳውን ሲጎዳው የጠጉሩ ሥር ላይ ያሉት ቀለም ሠሪዎች ይሞታሉ፣ ቁስሉ ሲሽር ነጭ ይበቅላል። የጋሪ ፈረስ ደረቱና ጎኑ ላይ እንዲሁ። ለገዢ ይሄ ጥሩ መረጃ ነው፤ ፈረሱ እንዴት እንደተያዘ ይነግራችኋል። እናንተው ጋ ከገዛችሁት በኋላ አዲስ ነጭ ቦታ ከመጣ ግን ኮርቻችሁ እየጎዳው ነው፤ መደላድሉን ዛሬውኑ ፈትሹ።

በዚያው ልክ ማንኛውም ፈረስ ሲያረጅ ግንባሩና ዓይኑ በላይ ትንሽ ይሸብታል፣ እንደኛው። ይሄ ሙሉ ነጭ አያደርገውም።

10. የነጣውን ፈረስ በየጊዜው ዳብሱት

ከላይ "ይህን ያዙልኝ" ያልኳችሁ እዚህ ይመጣል። ቀለም ሠሪዎቹ ህዋሳት ቆዳው ላይ እንደተነሳሱ ስለሚቀሩ፣ የነጡ ፈረሶች ሜላኖማ ለሚባለው ጥቁር ዕጢ የተጋለጡ ናቸው። ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት የነጡ ፈረሶች ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ ተጽፏል። ብዙዎቹ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፣ ግን ሊሠራጭም ይችላል።

ከአሥር ዓመት በኋላ ቢያንስ በየሁለት ወሩ በእጃችሁ ፈልጉ። ጭራው ስር፣ መቀመጫው ዙሪያ፣ ብልቱ አካባቢ፣ ከንፈሩ ላይ፣ ከጆሮው በታች ከመንጋጋው ኋላ። ጠንካራ ጥቁር እንክብል ካገኛችሁ መጠኑን በጣታችሁ ለክታችሁ ጻፉና ሐኪም አሳዩ። አትቁረጡት፣ አታቃጥሉት።

ሌላ ሁለት ነገር ቶሎ ልበላችሁ። ጥቁር የነበረው አፍንጫው ወይም የዓይኑ ቆብ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ከመጣ እንደ ሰው ለምጽ ያለ ነገር ነው፣ አያምም፤ ግን ሮዝ ቆዳ በፀሐይ ይቃጠላል፣ ጥላ ይፈልጋል። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ ረጅም፣ ጥቅልል ያለ፣ የማይረግፍ ጠጉር ካበቀለ ደግሞ የሆርሞን በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

11. መዝግቡ

በየስድስት ወሩ አራት ፎቶ፦ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊት፣ ከኋላ። ቦታውና ሰዓቱ አንድ ዓይነት ይሁን፣ የጠዋት ብርሃንና የማታ ብርሃን ያው ፈረስ ላይ ሁለት ቀለም ያወጣሉ። ከቀለም ይልቅ የማይቀየረውን መዝግቡ። ግንባሩና አንገቱ ላይ ጠጉሩ እንደ አዙሪት የሚዞርበት ቦታ አለ፣ ከተወለደ እስኪሞት አይንቀሳቀስም። ስንት እንደሆኑ፣ ከዓይኑ መስመር በላይ ይሁኑ በታች ጻፉ። ሲወለድ ጀምሮ የነበረው ቦቃና የእግር ነጭም አይቀየርም። ፈረሱ ነጥቶ ባይታይ እንኳ አለ። ለምን ብትሉ፣ ቦቃው ስር ያለው ቆዳ ከመጀመሪያውም ቀለም ስለሌለው ሮዝ ነው፣ የተቀረው ገላ ቆዳ ደግሞ ጥቁር።

አጎቴና አማቹን ካስታረቁት ሽማግሌዎች አንዱ ዕድሜ ልኩን ፈረስ ሲገራ የኖረ ሰው ነበር። ክርክሩን እስኪጨርሱ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ ፈረሱ ይምጣ አለ፣ አንድ ጣሳ ውሃ አስመጣና ግንባሩ ላይ አፈሰሰው። ነጩ ጠጉር ረጥቦ ቆዳው ላይ ተለጠፈ። ፊቱ ጥቁር ሰማያዊ መሰለ፤ መሃል ግንባሩ ላይ ግን የሸማኔ መወርወሪያ የመሰለ ሮዝ ምልክት ወጣ፣ ጫፉ ወደ ግራ ዓይኑ ጠመም ያለ። አማቹ ጠጋ ብሎ አየው። ጣቱን ዘርግቶ ዳርዳሩን ዳሰሰ። "ይቺ ጠመማ ነገር" አለ፣ "ስንገዛውም ነበረች።"